አስረካቢው ሳይነሳ

ወቅን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለየትናየት፣ ካለችበት ከሐርጌሳ።

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን ተቀምጬ አቀርባለሁ፤ ቆሞ ሰላምታ መስጠት ለጊዜው ተከልክያለሁና። የአገሩ ብርድ ደህና ነው። ገብሱ ደህና ነው። አጎትሽ አለምነህም ደህና ነው፤ ትንሽ ዝም ቢል ደግሞ ከዚህ የበለጠ ደህና ይሆን ነበር። አንቺንም የሰው አገር ፀሐይ ሳያከስልሽ፣ የሰው አገር ሰው ሳይከፋብሽ ያቆይልኝ። አሜን በይ፤ እኔ እዚህ ብቻዬን ብለው አይበቃም።

ምነው በስልክ አያወሩኝም ማለትሽን አለምነህ ነገረኝ። ልጄ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን የሰው ድምፅ ሁሉ ንብ ይሆንብኛል። በድቁና ዘመኔ ጽሕፈት የለመደው እጄ ደግሞ እስካሁን አልተንቀጠቀጠም፤ እሱ እያለ ለምን እጮሃለሁ? እኔ እጽፋለሁ፤ አለምነህ ዳባት ሄዶ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ይልክልሻል፤ ኔትወርክ የመጣ ቀን ይደርስሻል። ያንቺንም በወረቀት አሳትሞ ያመጣልኛል።

ስለ አወዳደቄ እሱ የጻፈልሽን አትቀበዪው። እውነቱ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን እንኳየሁ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷ የተሳለው፣ በማኅበር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «አያ ባዬ ከእንግዲህ በቅሎ ለመውጣት መሰላል ያሻቸዋል» አለች። መሰላል እንደማያሻኝ አሳየኋት። ለመውረድም አላሻኝም። ግራ ጭኔ ከዳሌው ሥር ተሰብሮ ጎንደር ወሰዱኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ኦፕራሲዮን የተደረግሁ ቀን ወገቤ ላይ በመርፌ ወጉኝና ከእምብርቴ በታች ያለው አካሌ የሌላ ሰው ሆነ። ፊቴ ላይ መጋረጃ ጋረዱ። ከመጋረጃው ወዲያ ሐኪሞቹ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ከራስጌዬ የተቀመጠ አንድ ልጅ። «አንዱዓለም እባላለሁ፤ ማደንዘዣውን የምከታተለው እኔ ነኝ፤ ከአጠገብዎ አልለይም» አለኝ። ሸጋ ልጅ ነው። ከዚያ በክንዴ በኩል አንድ መድኃኒት ሰጠኝና ደመና መጣ። ደመናው ሲገለጥ ከመጋረጃው ወዲያ መዶሻ ይመታል። አናጺ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ምን ይሆን የሚቸነክሩት ብዬ ሳስብ ለካ እኔን ነው። ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ልነሳ ሞከርሁ፤ የሚነሳ አካል ግን አልነበረኝም።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ከራስጌዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ጎረምሳው፣ ምነው ተቆጡ?» አለኝ።

ቀና ብዬ ባይ አንዱዓለም የለም። ሴት ናት። ቆቧ እስከ ቅንድቧ፣ ጭንብሏ እስከ ዓይኗ ሥር፤ ዓይን ብቻ ናት። እጇን ግንባሬ ላይ አኖረችና መዶሻው እስኪያልቅ አላነሳችውም።

ልጄ፣ ይህን ቃል በዚህ ምድር ላይ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥርስሽ ሳይነቀል፣ ስቆጣሽ በሩ ላይ ቆመሽ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ የምትይኝ ቃል ነው። አያትሽ ነፍሷን ይማራትና እየሰማች ትስቅ ነበር እንጂ አንድም ቀን ከአፏ አልወጣም።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ጎንደር ድረስ መጥተሽ፣ ራስጌዬ ተቀምጠሽ፣ ግንባሬን ይዘሽ፣ ጭንብልሽን ሳታወልቂ ምነው ተመለስሽ? ቅር አላለኝም። ብሎኛል፤ ብዙ ግን አይደለም።

አያትሽ ባዬ፣ ግራ እግሩ በቀጠሮ ላይ ያለ።

አለምነህ፣ ይህን ወረቀት ፎቶ ስታነሳ ከላይ ያለውን አታንብብ። ካነበብህም አላነበብህም።


ሐርጌሳ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎና ሁልጊዜ ለሚናፍቁኝ ለአያ ባዬ፤

ሰላምታዬ ዘንድሮ ከግራ እግርዎ ይጀምርና ወደ ላይ ይውጣ። የተሰበረውን የሚጠግን አምላክ ሳይሰለች ይጠግንልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሜን ብያለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስላልኩት አብራኝ የምታድረው ልጅ ምን ሆንሽ ብላኛለች።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ይበልጥ ግራ ገባኝ። አያ፣ እኔ አልመጣሁም። መሰበርዎን የሰማሁት አጎቴ አለምነህ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሲጽፍልኝ ነው። ባልሰማሁት ነገር እንዴት ተነስቼ እመጣለሁ? ብመጣስ ፊቴን ሸፍኜ የምመለስ ምን አድርገውኝ ነው?

የሰው መለወጡ ግን እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ በማደንዘዣ ባለሙያዎች ሥራ ቀዶ ጥገናው ሳያልቅ አንዱ ባለሙያ ለሌላው በሽተኛውን ያስረክባል። አንዱ ይደክመዋል፣ ወይም ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው ሊሞት ነው ድረስ ይባላል። ዝም ብሎ መውጣት ግን የለም። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የተሰጠውን መድኃኒት፣ የደም ግፊቱን፣ የሚያሰጋውን ነገር ሁሉ ይነግረዋል። የሚረከበው የሰማውን መልሶ ይናገራል። ተረካቢው እስኪቀመጥ ድረስ አስረካቢው አይነሳም። እኔንም ያስተማሩኝ እዚያው ጎንደር ነው። አንዱዓለምን አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ከእኔ ኋላ ነበር። እጠይቀዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ አይቆጡ። ወሩ ምን እንደሆነ፣ ከእርስዎ ጋር ማን ማን እንደሚኖር፣ ሲመሽ የማያውቁት ሰው ይታይዎት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ሰው በዕድሜ ሲገፋ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለጊዜው ሐሳቡ የሚደባለቅበት አለ። ይመለሳል። እኔ እንድረጋጋ ብዬ ነው።

ሐኪሙ እስኪፈቅድ ያለ ምርኩዝ እንዳይቆሙ። አደራ።

ልጅዎ የትናየት


ወቅን፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመርማሪዬ ለየትናየት።

ለምርመራው ሰላምታ ያስፈልግ ይሆናል ብዬ እነሆ ሰላምታ። የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ፤ እኔን ደርሶኝ ነጠላዬ እስካሁን አልደረቀም።

ጥያቄሽን ልመልስ። ወሩ ጥር ነው። ከእኔ ጋር የሚኖሩት አለምነህ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹና አንዲት ስሟን የማላውቃት ድመት ናቸው፤ የድመቷን ስም የማላውቀው ሐሳቤ ተደባልቆ ሳይሆን ስም ስላላወጡላት ነው። ሲመሽ የማላውቀው ሰው አይታየኝም፤ የማውቃት እንኳየሁ ግን ራት ሰዓት ላይ ሳትጠራ ትታየኛለች። አገሩን የሚገዛው ማን ነው ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ መልሱን አለምነህ ፎቶ ስለሚያነሳው አልጽፈውም ነበር። ይህ ሁሉ ያበደ ሰው ወሬ ነው?

ያልገባኝ ሌላ ነው። እኛ ቤት ቅዳሴ የገባ ካህን አቋርጦ አይወጣም፤ ከመካከል ገብቶ የሚቀጥልም የለም። ዲያቆን ሆኜ አንድ ጊዜ ሆዴን ሲቆርጠኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የጨረስሁት። ሰሞነኛው ለቀጣዩ ሰሞነኛ የሚያስረክበው ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ተሰናብቶ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። እናንተ ግን የምትረካከቡት ሰውዬው ተከፍቶ እያለ ነው። አንዱዓለም ደግሞ ከአጠገብዎ አልለይም ብሎኝ ነበር። ይህን ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። አንቺ መጥተሽ እሱን አስነስተሽዋል። ለማን ይነሳል? በትምህርት ለቀደመችው ይነሳል።

ስለዚህ አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ሠርግ የምትሄጂበትን አይደለም። ቆብና ጭንብል አድርገሽ፣ ዓይንሽ ብቻ የሚታይበትን።

ስለ ምርኩዙ ያልሽኝ ዘግይቶ ደረሰኝ። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ከኋላ ትንሽ ሄጃለሁ፤ ምርኩዙን ለአንድ ሽማግሌ አውሼው ነበር። ከዚያ በኋላ እግሬ መጮህ ጀመረ። ጎንደር ወስደው ፎቶ ሲያነሱት ብረቱ ከቦታው ተንሸራቷል። እንደገና ተከፍቶ ካልተስተካከለ መቼም አልራመድም አሉ። አለምነህ እንደገና መከፈት የለም፣ ጠበል ይሻላል ይላል። ለሰውም «አባቴ የሌለ ሰው ያያል» እያለ ነው፤ ጎንደር ያሉትም እንዳይሰሙ እፈራለሁ፤ ላበደ ሰው ብረት የሚያባክን ማን አለ?

ያም ሆነ ይህ የእኔን ቃል ስሚ። እንደገና እዚያ አልጋ ላይ የምተኛው ያን ቀን ግንባሬን የያዘችው ሴት ራስጌዬ ከተቀመጠች ነው። አንቺ እኔ አይደለሁም ትያለሽ። እንግዲህ ማንን ልጥራ?

አያትሽ ባዬ፣ ወሩን የሚያውቅ።


ሐርጌሳ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ባዬ፣ ለምወድዎ፤

ጤና፣ ትዕግሥትና ትንሽ መታዘዝ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ ሰላምታዬን እልካለሁ። ምርኩዝዎን ያዋሱት ሽማግሌ ከእርስዎ በስንት ዓመት እንደሚያንስ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ያነሳችኝ ልጅ ለማን ነው ስትለኝ ለአያቴ ነው አልኳት፤ ፊትሽን ሸፍነሽ? ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አያ፣ ኦፕራሲዮኑ የሚተው አይደለም። የተንሸራተተው ብረት ዳሌውን እየበላ ይሄዳል። ዛሬ የሚስተካከለው ቆይቶ የማይስተካከል ይሆናል። ጠበሉም ቢሆን እግር ኖሮ ተሂዶ የሚጠጣ ነው፤ አጎቴ ይህን እያነበበ ከሆነ እሱንም እለምነዋለሁ።

አንዱዓለም መለሰልኝ። የጀመረው እሱ ነው። በመካከሉ ምጥ የጸናባት ሴት መጣችና ተጠራ፤ እርስዎን ሰብለ ወንጌል ለምትባል ባለሙያ አስረክቦ ሄደ። ሴቲቱም ሕፃኑም ተርፈዋል። «ጎረምሳው» ስለሚለው ቃል ስጠይቀው ግን ምንም አላስታውስም አለኝ። ሰብለ ወንጌልን አላውቃትም፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ የተቀጠረች ናት። አሁን አራስ ሆና እንፍራንዝ ዘመዶቿ ጋር ናት አሉኝ፤ ስልኳም አይሠራም።

ቃሉን ለማን ነግረዋል? ይህን ያስታውሱልኝ። የማላውቃት ሴት የእኔን ቃል እንዴት አለችው? እኔ ራሴ ግራ ተጋብቼ ትናንት አብራኝ የምትሠራዋን «ኅዳር ላይ እኔ የት ነበርኩ?» ብዬ ጠየቅኳት። እዚህ ነበርሽ፣ የት ትሄጃለሽ አለችኝ። ስትነግረኝ ልቤ አረፈ፤ ከዚያ ማረፉ ገረመኝ።

ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር። ፓስፖርቴ ቢሮ ነው። እዚህ ሙቀቱ ጀምሯል፤ የግመል ወተት ለመድኩ።

ልጅዎ የትናየት


ወቅን፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለየትናየት፣ ለዓይኗም ለጭንብሏም።

ሰላምታዬ በጾም አፍ ነውና ቀጠን ያለ ነው፤ በረከቱ ግን አልቀጠነም። የላክሽልኝ ፎቶ ደረሰኝ። ምን ልበልሽ? ዓይኖቹ ናቸው። ቅንድቡም ያው ነው። ግንባሬ ላይ እጅ የተጫነ ያህል ተሰማኝ።

አለምነህ «አባባ፣ ጭንብል ያደረገ ሰው ሁሉ ይመሳሰላል» አለኝ። አይመሳሰልም አልሁት። በዚህ ስንከራከር እንኳየሁ ገባች። ነጠላሽን እስከ አፍንጫሽ ከፍ አድርጊ፣ ሻሽሽን ዝቅ አድርጊ አልናት። ምነው ልትሞሽሩኝ ነው? እያለች አደረገችው። አየኋት። የትናየት፣ ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፤ እሷም አንቺን መሰለች። እንኳየሁ የመጀመሪያ ልጇን ስትድር አንቺ አልተወለድሽም። ድመቷንም ልንሸፍናት ነበር፤ እንዳትመስልሽ ፈርቼ ተውሁት።

ቃሉን ለማንም አልተናገርሁም። ለአለምነህ እንኳ አልነገርሁትም ነበር፤ ይኸው አሁን ከደብዳቤው ላይ ለቅሞ ጠዋት ጠዋት «ጎረምሳው፣ ምነው ተቆጡ» ይለኛል። በሱ አፍ ሲሆን አይጣፍጥም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፓስፖርቴ ቢሮ ነው ብለሽ ወደ ግመል ወተት ዘለልሽ። እኔ በቅሎ ላይ ዘልዬ የት እንደወደቅሁ ነግሬሻለሁ። አንቺስ ዘለሽ የት ወደቅሽ?

ስለ እኔ ያልነገርሁሽ ይህ ነው። አሁን አልቆምም። ከመደቡ እስከ በሩ በመቀመጫዬ ነው የምሄደው፤ በሩ ላይ ስደርስ መንገድ የሚያልፈው ሰው «እንዴት አሉ አያ ባዬ?» ይለኛል፤ «እህል እየጠበቅሁ ነው» እላለሁ። የሚጠበቅ እህል የለም፤ አይጥም እኔም እናውቃለን። ጎንደር ያሉት ሐኪሞች ከፋሲካ በኋላ ኑ ብለዋል። አለምነህ ጠበሉን ትቶ አሁን «አንተ እሺ በለኝ እንጂ እኔ እወስድሃለሁ» ይላል። እሺ አላልሁትም።

ሌት ተቀን የማስበው ይህን ነው። ወይ እኔ አብጃለሁ፣ ወይ አንቺ ትዋሺኛለሽ። ከሁለቱ ምረጭልኝ ብትይኝ እብደቱን እመርጣለሁ። ያበደ ሰው ቢያንስ ልጁን አይቷል።

አያትሽ ባዬ


ሐርጌሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ባዬ፣ ለአባቴም ለእናቴም ምትክ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ጾሙን በመቀመጫ ሄደው የፈቱ እርስዎ ብቻ አይሆኑም፤ ቆመው እንዲከርሙ ግን አንድ ምርቃት አለኝ፤ ለደብዳቤው መጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

አያ፣ አላበዱም። እኔም አልዋሸሁም።

ሰብለ ወንጌል ከአራስ ቤት ወጥታ ወደ ሥራ ተመልሳለች። ጠየቅኳት፤ ገና «ባዬ» ከማለቴ ሳቀች። የነገረችኝን ቃል በቃል እጽፋለሁ። አንዱዓለም ሲያስረክባት የደም ግፊትዎን ነገራት፣ የሰጠዎትን መድኃኒት ነገራት። ከዚያ «አንድ ነገር ደግሞ፣ መዶሻው ያስፈራቸዋል። ሲፈሩ ግፊታቸው ይዘላል። ያን ጊዜ ሳታመነቺ ወደ ጆሯቸው ቀርበሽ ጎረምሳው፣ ምነው ተቆጡ በያቸው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ የልጅ ልጃቸው የምትላቸው ነው» አላት። እሷም መልሳ ነገረችው። ተቀመጠች። እሱ ተነስቶ ሄደ።

እርስዎ ለአንዱዓለም የነገሩት ደመናውን ካመጣብዎ በኋላ ነው። ያ መድኃኒት ሰውን ያስወራዋል፣ ያወራውን ግን አእምሮው እንዳይዘው ያደርጋል። አንዱዓለምስ ለምን ረሳ? እሱን መውቀስ አልቻልኩም። እኛ ያስረከብነውን እንረሳለን፤ ካልረሳን ለሚቀጥለው ሰው የምንሰጠው ቦታ አይኖረንም። አልለይም ማለቱ ግን ስሕተት ነው። ነግሬዋለሁ፤ አምኗል።

ግንባርዎን የያዘችው ሰብለ ወንጌል ናት። እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። አልነበርኩም።

የት ወደቅሽ ላሉኝ፤ ለሥራ ወደዚህ ያመጡኝ ሰዎች ፓስፖርቴን ውሉ እስኪያልቅ በቢሯቸው ይዘውታል። ስጠይቅ ጠብቂ ይሉኛል። እንዳይጨነቁ ብዬ ነበር የዘለልኩት። ተጨንቀው ከሆነ ዝላዬ ምንም አልረባም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎንደር ይሂዱልኝ። አንዱዓለም ይቀበልዎታል። እስከ መጨረሻው እንዲቀመጥ ለመንኩት፤ «እቀመጣለሁ፤ የምትሞት እናት አለች ከተባልኩ ግን እነሳለሁ» አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ እኔም ብሆን እነሳለሁ። በቅዳሴ መካከል ከጎረቤት ደብር ድረሱልን የሚል መልእክት አይመጣም አያ። እኛ ጋ ይመጣል።

ምርቃቱ ይኸው፤ በሁለት እግርዎ ቆመው ይጠብቁኝ።

ልጅዎ የትናየት


ጎንደር፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለየትናየት፣ ካለችበት፣ መምጫዋን ከምትጠብቅበት።

ሰላምታዬን አሁንም ተቀምጬ አቀርባለሁ፤ ግን ከተቀመጥሁበት በምርኩዝ ተነስቼ ልድገመው እችላለሁ። እነሆ ደገምሁት። አለምነህ ምስክር ነው፤ ከአጠገቤ ቆሞ እጁን ዘርግቶ እንደ ዶሮ ጠባቂ ያየኛል።

ደብዳቤሽን አንብቤ አላመንሁም። ባለሙያ ለባለሙያ ይመሰክራል፤ ደብተራ ደብተራን እንደማያጋልጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ራሴ ልፈትናችሁ ብዬ ነው የሄድሁት። ለአለምነህም እሺ ያልሁት ለዚህ ነው፤ እሱ ምክሩን የሰማሁት መስሎት ደስ ብሎታል፤ ደስታውን አትንኪበት።

አንዱዓለም መጣ። ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ ፊቱን አሳየኝና «አያ ባዬ፣ አልለይም አልልዎትም፤ ያለ ሰው ግን አይቀሩም» አለኝ። ደመናውን አታምጣብኝ፣ ሁሉን ማየት እሻለሁ አልሁት። እሺ አለ። የሚያስፈራዎት ነገር አለ? ሲለኝ መዶሻው ነው አልሁት።

«ያን ጊዜ ጎረምሳው እንልዎታለን።»

«እሱ የኅዳሩ እግር ነው። አሁን ሙሽሪት በሉኝ።»

«ሙሽሪት?»

«ሙሽሪት፣ ምነው ተቆጡ፤ እንዲያ ሲሉኝ ነው ልቤ የሚመለስ።»

አየኝ። እኔም አየሁት። አልሳቅሁም። በዚህ ዕድሜዬ ሳቄን መያዝ እግሬን ከመያዝ ይቀለኛል።

ሥራው ተጀመረ። ብዙ ሳይቆይ አንዲት ልጅ በሩን ገፋ አድርጋ ጠራችው። ልቤ ይኸው አለ። ግን አልተነሳም። አለበል የሚባል ረጅም ልጅ መጣና አጠገቡ ቆመ። አንዱዓለም እንደተቀመጠ ስለ እኔ ይነግረው ጀመር። ጆሮዬ ሁሉን አልያዘም፤ ዓይኔ ግን ያዘ። ብልቃጡን ያሳየዋል፣ እንደ መስኮት ባለው መሣሪያ ላይ የሚሄደውን መስመር ያሳየዋል፣ አለበል ራሱን እየነቀነቀ መልሶ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አለበል ንግግሩን አቁሞ አየው። አንዱዓለም አዎን እንደ ማለት ነቀነቀ። አለበል ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ተቀመጠ። እሱ ከተቀመጠ በኋላ አንዱዓለም ተነሳ። ልክ እንደጻፍሽው ነው፤ ሳይቀመጥ በፊት አልነበረም፣ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

መዶሻው ጀመረ። እውነት ለመናገር ፈራሁ፤ ፍርሃቱን አላስመሰልሁትም። አለበል መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሐኪሞቹ እንዳይሰሙት ከመጋረጃው በላይ አሻግሮ አየ። ጎንበስ አለ። ሐዘን ቤት መልእክት እንደሚያደርስ ሰው ሆኖ፣ «ሙሽሪት፣ ምነው ተቆጡ?» አለኝ።

ሳቅሁ። ከእምብርቴ በላይ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ አልጋው ተናወጠ። ከመጋረጃው ወዲያ ዋናው ሐኪም መዶሻውን አቁሞ «ምን ሆኑ?» አለ። አለበልም ደንግጦ «ምንም የለ ዶክተር፣ ሙሽሪት ስቀው ነው» አለው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ግራ የገባው ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ አላበድሁም። አለምነህ ይህን ስነግረው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ተመስገን አለ፤ ዓይኑ ብቻ ቢታይ ኖሮ እሱም አንቺን ይመስል ነበር።

ሳቄ ካለቀ በኋላ ግን፣ የአለበል እጅ ግንባሬ ላይ እያለ፣ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ልጅ የሰማውን አደራ ነው ያደረሰው። ያቺም ልጅ የሰማችውን አደራ ነው ያደረሰችው። ስለዚህ ያን ቀን አንቺ አልነበርሽም። ይህን ሁሉ ወራት ለምን ሳታናግሪኝ ተመለስሽ እያልሁ ስቆጣሽ፣ በጎን ደግሞ መጥታ ነበር እያልሁ ነው የምተኛው። አሁን የምቆጣበትም የምተኛበትም ሄደ። አዋቂነቴን መለሱልኝ፤ አንቺን ወሰዱብኝ። ባልፈተንኋቸው እያልሁ ነው።

ለሰብለ ወንጌል ምርቃት ልኬላታለሁ። እጇ ያንቺን ያህል ቀዝቃዛ ነው።

ስለዚያ ቢሮ አልቆጣም፤ ከተቆጣሁ ምነው ተቆጡ የሚለኝ የለም። ውሉ ማለቁ አይቀርም። ብቻ ያስተማርሽኝን ሕግ መልሼ ላንቺ እነግርሻለሁ፤ በትክክል ይዤው እንደሆነ አንቺ ፍረጂ። ተረካቢው መጥቶ እስኪቀመጥ አስረካቢው አይነሳም። የቤቱን ቁልፍ አለምነህ ይረከበኛል፣ ምርኩዙን እንኳየሁ ዓይኗን ጥላበታለች። የቀረውን ግን በሰው አፍ ሰምቶ የሚያደርስልኝ አልሻም። ወቅን ስመለስ መደቡ ራስጌ በኩል አንድ ወንበር አስቀምጣለሁ። ድመቷም እንዳትወጣበት እከለክላለሁ።

አልተነሳሁም። ነይና ተቀመጪ።

አያትሽ ባዬ፣ ሙሽሪት።